የሼከሮችን መንደር ለማየት የቱ ጋ እንሂድ? አራቱን ላነጻጽርላችሁ

በዚህ ሰመር ብቻ ሶስት የማውቃቸው ቤተሰቦች «የሼከሮችን መንደር ማየት ፈልገን ነበር ግን የቱ እንደሚሻል ግራ ገባን» ብለው ጠየቁኝ። ግራ ቢገባቸው አይገርምም፣ ጎግል ላይ ስትፈልጉ ማሳቹሴትስ ይወጣል፣ ኒው ሃምፕሸር ሁለት ይወጣል፣ ሜይን አለ፣ ኒው ዮርክ አለ፣ ኬንታኪ ደሞ ሁለት አለ፣ የሁሉም ፎቶ ደሞ ያው ነው፣ ነጭ የእንጨት ቤት፣ አረንጓዴ ሳር፣ ግድግዳ ላይ ተገልብጦ የተሰቀለ ወንበር። ከፎቶ ተነስቶ መምረጥ አይቻልም። እኔ ባለፉት ዓመታት አራቱ ጋ ሄጃለሁ፣ አንዱ ጋ እንደውም ሁለቴ፣ አንዴ ከልጆቼ ጋር አንዴ ደሞ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣችው እናቴ ጋር። ስለዚህ ያየሁትንም ያነበብኩትንም አንድ ላይ አድርጌ ልጻፍላችሁ፣ ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሼከሮች እነማን ናቸው

ብዙ ሰው ከአሚሾች (ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ከሚርቁት የገጠር ክርስቲያኖች) ጋር ያምታታቸዋል፣ ኩዌከር ከሚባሉት ሌሎች ክርስቲያኖችም እንዲሁ። አይደሉም። ሼከሮች በጋራ የሚኖሩ የክርስትና እምነት ቡድን ናቸው፣ የጀመሩት እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ነው፣ መሪያቸው በ1736 የተወለደችው አን ሊ ናት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ያደገች፣ አራት ልጅ ወልዳ አራቱንም በልጅነታቸው የቀበረች ሴት። በ1774 ስምንት ተከታዮቿን ይዛ በመርከብ ኒው ዮርክ ገባች፣ ከዛ ኦልባኒ አጠገብ ሰፈሩ። እሷ በ1784 አረፈች፣ ተከታዮቿ ግን እየበዙ ሄደው በ1800ዎቹ አጋማሽ ላይ ከሜይን እስከ ኬንታኪ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ። ስማቸው የመጣው በአምልኮ ሰዓት ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ ስለሚዘምሩና ስለሚያሸበሽቡ ነው።

ኑሯቸው ለኛ ሰው ለማስረዳት ብዙም አይከብድም። አያገቡም፣ ንብረታቸው የጋራ ነው፣ ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ፣ ጦርነት አይሄዱም። «ገዳም ነዋ!» ትሉ ይሆናል፣ ይቀራረባል፣ ከሁሉም የሚገርመኝ ደሞ ዋናው ማዕከላቸው የነበረው ኒው ዮርክ ያለው መንደር ስሙ ማውንት ሌበነን ነው፣ ማለትም ቁርጥ ደብረ ሊባኖስ! ልዩነቱ ግን ሼከሮች ጋ ወንዱም ሴቱም አንድ ህንፃ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ አንድ ጣራ ስር፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል ሴቶቹ በሌላ በኩል፣ በሩ ሁለት ደረጃውም ሁለት፣ አስተዳደሩም የወንድ ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን እኩል ስልጣን ያላት ሴት ሽማግሌም ነበረች። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ሴት ድምፅ መስጠት እንኳን አትችልም ነበር።

ቴክኖሎጂ ደሞ አይጠሉም፣ ይሄን ልብ በሉ፣ ከአሚሾች የሚለያቸው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አዲስ ማሽን ሲያገኙ ይገዛሉ ካላገኙ ይሠራሉ። የአትክልት ዘር በትንንሽ የወረቀት ፓኬት አሽጎ መሸጥን ያስለመዱ እነሱ ናቸው። ዛሬ ቤታችን ያለውን ጠፍጣፋ መጥረጊያ ደሞ በ1798 የሠራው ኦልባኒ አጠገብ ባለው ዋተርቭሌት የሚባል መንደር የነበረ ሼከር ነው ይባላል፣ ከዛ በፊት የነበረው እኛ አገር ሳሩን ሰብስበን ጠፍረን እንደምናስረው ክብ መጥረጊያ ነበር።

ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁን የምትጠይቁት

እኔ መጀመሪያ ስሄድ የሠራሁት ስህተት «ብዙ ህንፃ ያለው የቱ ነው» ብዬ መምረጤ ነው። የህንፃ ብዛት ምንም አይጠቅምም፣ አምስተኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ ሁሉም ወንበር አንድ ይሆንባችኋል። አሁን የማየው ሌላ ነገር ነው።

አንደኛ የሚያስረዳ ሰው አለ ወይ ነው፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የሼከር ቤት ባዶ ነው፣ ጌጥ የለውም፣ ስዕል የለውም፣ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ንጹህ ክፍል አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለተኛ አብሯችሁ የሚሄደው ማነው፣ የአምስት ዓመት ልጅና የሰባ ዓመት እናት አንድ ቦታ አይመቻቸውም። ሶስተኛ ቦታው የራሱ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ ነገር አለበት፣ ይሄ ለአንዳንዱ ሰው ግድ አይሰጠውም ለኔ ግን ይሰጠኛል። አራተኛ የሚነካ፣ የሚሞከር፣ በዓይን ሲሠራ የሚታይ ነገር አለ ወይ። ከዛ ያው ርቀት፣ ማደሪያ፣ ወጪና ወቅት ናቸው፣ በተለይ ወቅቱ፣ ሰሜኑ ላይ ያሉት በክረምት (በፈረንጁ ክረምት፣ በበረዶው ወቅት) አብዛኛውን ዝግ ናቸው።

አንድ ነገር ደሞ አስቀድሜ ልበላችሁ፣ ማሳቹሴትስ ያለውን የድሮ ኑሮ የሚያሳይ ሙዚየም፣ ኦልድ ስተርብሪጅ ቪሌጅን አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ እዛ ሠራተኞቹ የድሮ ልብስ ለብሰው ነው የሚያስተናግዷችሁ፣ የሼከር መንደሮች ላይ ግን እንደዛ ያለ ትዕይንት ጠብቃችሁ አትሂዱ፣ ባብዛኛው ተራ ልብስ የለበሰ አስረጂ ነው፣ ከዛ ሳጥን የሚሠራ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ የሚዘምር ሰው ታገኛላችሁ።

ሃንኮክ (ፒትስፊልድ፣ ማሳቹሴትስ)

ከቦስተን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከኒው ዮርክ ከተማ ሶስት ሰዓት አካባቢ ነው። ማህበሩ የተጀመረው በ1780ዎቹ ነው፣ በ1960 ሼከሮቹ ሲዘጉት ወዲያው ሙዚየም ሆነ። ሃያ የሚሆኑ ጥንታዊ ህንፃዎች አሉት፣ እርሻው ዛሬም ይሠራል፣ በግ አለ፣ ዶሮ አለ፣ አሳማ አለ፣ ላም አለ።

ሰው ሁሉ የሚሄደው ግን ለክቡ የድንጋይ በረት ነው፣ ይገባዋልም። በ1826 የተሠራ ነው። ከውጭ ስታዩት ትልቅ ጎጆ ቤት ይመስላል፣ ውስጥ ስትገቡ ነው ጥበቡ የሚገባችሁ። ድርቆሽ የጫነው ጋሪ ከላይኛው ፎቅ ይገባል፣ ዙሪያውን እየዞረ ድርቆሹን መሃል ወዳለው ትልቅ ጉድጓድ ይገለብጣል፣ ዞሮ ሲጨርስ ወደኋላ ማለት ሳያስፈልገው በገባበት በር ይወጣል። ከሱ በታች ሃምሳ ያህል ላሞች ፊታቸውን ወደ መሃል አድርገው ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ አንድ ሰው መሃል ቆሞ በመንሽ ሁሉንም ይመግባል፣ እበቱ ደሞ ወለሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል፣ ከዛ ተዝቆ ማሳ ላይ ይበተናል። ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዛ በረት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይባችኋል፣ እኔ ያየሁት ነው፣ ጎጃም ያደገ አብሮን የሄደ ጎረቤታችን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጣራውን እያየ «ይሄንን ያሰበው ሰው ከብት የሚያውቅ ነው» ብሎ ቆሞ ቀረ።

የጡብ ቤቱም አለ፣ በ1830 የተሠራ፣ መቶ የሚጠጋ ሰው የሚያኖር፣ ግድግዳው ውስጥ የተገጠሙት መሳቢያዎች ብዛታቸው ያስደንቃል። ልጆች የሚሞክሩት ነገር አላቸው፣ የሳጥንና የወንበር አሠራርም ይታያል። ሚያዝያ ላይ የእንስሳት ግልገሎች የሚታዩበት ሰሞን አለ፣ ልጆቼ ስለ ሼከር የሚያስታውሱት ጠቦቷን ብቻ ነው፣ ምንም አይደለም።

ጉድለቱስ? የጸሎት ቤቱ የራሱ አይደለም። የሃንኮክ የራሱ በ1938 ፈርሶ ነበር፣ አሁን ያለው ሸርሊ ከሚባል ሌላ የሼከር መንደር በ1962 ተነቅሎ የመጣ ነው። እሱም እውነተኛ የሼከር ህንፃ ነው፣ የ1700ዎቹ ነው፣ ግን ያው ማወቁ ጥሩ ነው። ሌላው፣ ባብዛኛው በራሳችሁ ስለምትዞሩ አስረጂ ካላሳደዳችሁ ታሪኩ ሊያመልጣችሁ ይችላል፣ ስትገቡ ወዲያው «የዛሬ ማብራሪያ ስንት ሰዓት ነው» ብላችሁ ጠይቁ።

ካንተርበሪ (ኒው ሃምፕሸር)

ከቦስተን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ኮንኮርድን አልፎ። በ1792 የተመሠረተ፣ 25 የራሱ ጥንታዊ ህንፃዎች ያሉት፣ ሁሉም በተሠሩበት ቦታ የቆሙ ናቸው። እዚህ ጋ ልዩ የሚያደርገው ነገር ሙዚየሙ በ1969 ሲቋቋም ሴት ሼከሮች እዛው እየኖሩ ነበር፣ የመጨረሻዋ እህት ያረፈችው በ1992 ነው። ማለትም ታሪኩን የሚነግሯችሁ ሰዎች ከመጽሐፍ ብቻ ያገኙት አይደለም፣ ከራሳቸው ከእህቶቹ አፍ ተቀብለው ያስተላለፉት ነገር አለ፣ ይሄ አነጋገራቸው ላይ ይሰማል።

እናቴን የወሰድኩት እዚህ ነው። የጸሎት ቤቱ ጋ ስንደርስ ሁለት በር አየች፣ አስረጂው አንዱ የወንድ አንዱ የሴት ነው አለ፣ ተረጎምኩላት። ምንም ሳትል ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «እማዬ እዚህ አይወለቅም» ስላት «የጸሎት ቤት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ተውኳት፣ በካልሲዋ ገባች፣ አስረጂውም ዝም አለ። ውስጡ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው፣ አግዳሚ ወንበር ግድግዳው ስር፣ መሃሉ ባዶ። መሃሉ ለምን ባዶ እንደሆነ ሲነግረን፣ ወንዶቹ በዚህ ሴቶቹ በዚያ ሆነው ሰልፍ ሠርተው እየዘመሩ ወደፊት ወደኋላ ይሉ እንደነበር፣ እጃቸውን ወደ ታች እያራገፉ ኃጢአት እንደሚጥሉ፣ ወደ ላይ ገልብጠው በረከት እንደሚቀበሉ፣ እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ «ሽብሸባ ነዋ» አለች። ከዛ ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀች፣ «ታዲያ ካልወለዱ ማን ይተካቸዋል?»

መልሱ ይሄ ነው፦ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ይቀበላሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ያስተምራሉ፣ ሙያ ያስይዛሉ፣ ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው መቆየት ወይ መሄድ የራሱ ምርጫ ነው። ብዙዎቹ ሄዱ። በተለይ ወንዶቹ፣ ፋብሪካና ከተማ ሲበዛ። ለዛ ነው በመጨረሻ የቀሩት ባብዛኛው ሴቶች የሆኑት። እናቴ ይሄን ስትሰማ «አሳድገው ለሰው ሰጡ» ብላ ረጅም ሰዓት አላወራችም።

ሌላው እንዳያመልጣችሁ የምለው የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ነው። የሦስት መቶ ሰው ልብስ የሚታጠብበት ቤት ነው የነበረው፣ የካንተርበሪ ሼከሮች በ1858 የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፓተንት ነበራቸው፣ ለትልልቅ ሆቴሎች ይሸጡ ነበር። ማድረቂያው ደሞ ከግድግዳ እንደ መሳቢያ የሚሳብ ረጃጅም የእንጨት መስቀያ ነው፣ ልብሱን ሰቅላችሁ መልሳችሁ ትገፉታላችሁ፣ ውስጡ በእንፋሎት ይሞቃል። በ1910 የራሳቸውን የመብራት ማመንጫ ሠርተዋል። «ሼከር ኋላቀር ነው» የሚል ሰው ካለ እዚህ አምጡት።

ጉድለቱ፣ ለትንንሽ ልጅ ይሰለቻል፣ እንስሳ ብዙ የለም፣ ቱሩ ላይ ቆሞ መስማት ይበዛል። ህንፃዎቹም በተወሰነ ሰዓት ከአስረጂ ጋር የሚገባባቸው ስላሉ ዘግይቶ መድረስ ያስከፍላችኋል።

ፕሌዛንት ሂል (ኬንታኪ)

ኮሎምበስ፣ ሲንሲናቲ፣ ሉዊቪል ወይ ናሽቪል ላላችሁ ይሄ ነው የናንተ። ከሌክሲንግተን 25 ማይል ነው፣ ከሉዊቪል አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሲንሲናቲ ሁለት ሰዓት፣ ከኮሎምበስ አራት ሰዓት ቢጠጋ ነው። በ1805 ተጀምሮ በ1910 የተዘጋ ማህበር ነው፣ 34 ጥንታዊ ህንፃዎችና 3,000 ኤከር መሬት አለው፣ ስፋቱ ብቻውን ያስደነግጣል፣ በድንጋይ አጥር መካከል የሚሄደው መንገድ በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ሲታይ ሌላ ነው።

ዋናው ጥቅሙ ማደር መቻሉ ነው። በራሳቸው በሼከሮቹ ህንፃ ውስጥ ክፍል ተከራይታችሁ ታድራላችሁ፣ ሬስቶራንትም አለ። ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፣ የቀን ጎብኚው በአስራ አንድ ሰዓት፣ በፈረንጁ አምስት ሰዓት ላይ ወጥቶ ሲሄድ መንደሩ ባዶ ይሆናል፣ ያኔ ብቻችሁን ስትዞሩ ነው ዝምታው የሚገባችሁ። ባለ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃ ያለው የአስተዳደሩ ቤት ደሞ አለ፣ ሁለቱ ደረጃዎች ጎን ለጎን ተጠምዘው ሶስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣሉ፣ ከስር ቆማችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። በ1820 የተሠራው የጸሎት ቤት ውስጥ አንድም ምሰሶ የለም፣ ጣራው ከላይ ነው የተንጠለጠለው፣ እንዲያሸበሽቡ ወለሉ ነፃ እንዲሆን ብለው። እዛ ውስጥ ሲዘመር ብትደርሱ ዕድለኛ ናችሁ፣ ድምፁ ከወለሉ ነው የሚነሳው።

ታሪኩም ከሰሜኖቹ ይለያል። ኬንታኪ የባርነት ግዛት ነበር፣ ሼከሮቹ ደሞ ባርነትን የሚቃወሙ፣ ጥቁር አባላትም ነበሯቸው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በ1862 ፔሪቪል ላይ ውጊያ ሲሆን የሁለቱም ወገን ወታደር በመንደሩ ሲያልፍ ለሁለቱም ያበሉ ነበር። ጎተራቸው ተራቁቶ ነው የጨረሱት። ልጆቼ ከዚህ ሁሉ ጉዞ ስለ ጥቁሮች የጠየቁኝ እዚህ ብቻ ነው፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ጉድለቱ ወጪው ነው። ቲኬት፣ ክፍል፣ እራት ሲደመር ቤተሰብ ላለው ሰው ቀላል አይደለም። ቀን ብቻ ሄዶ መመለስ ይቻላል ግን።

ሳባዝዴይ ሌክ (ኒው ግሎስተር፣ ሜይን)

ይሄን ከሌሎቹ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ራሱ ልክ አይደለም፣ ምክንያቱም አላለቀም። ዓለም ላይ ያለው የመጨረሻው የሼከር ማህበር ይሄ ነው፣ ሰዎቹ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ግን እዛው ይኖራሉ፣ ይጸልያሉ፣ በግ ያረባሉ፣ ከ1799 ጀምሮ የሚሸጡትን የመድኃኒት ቅጠልና ሻይ እስከ ዛሬ ይሸጣሉ። ከፖርትላንድ 25 ማይል ነው፣ ከቦስተን ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ።

ሙዚየሙ በ1931 የተከፈተ ነው፣ በሞቃቱ ወራት ብቻ በአስረጂ ይጎበኛል። የሚኖሩበት ቤት አይገባም፣ ቤታቸው ነዋ። እሁድ ቱር የለም፣ እሁድ ግን ከዛ የሚበልጥ አለ፣ በአራት ሰዓት፣ በፈረንጁ አስር ሰዓት መሆኑ ነው፣ የአምልኮ ፕሮግራማቸው ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ። በሰመር በ1794 በተሠራው የጸሎት ቤት ነው የሚካሄደው። ሴት በአንድ በኩል ወንድ በሌላ በኩል ትቀመጣላችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል፣ ሰው እየተነሳ ምስክርነቱን ይናገራል፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ያለ ምንም መሳሪያ መዝሙር ይነሳል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የራሴ እምነት አለኝ፣ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው መዝሙር በጥቂት ሰው ድምፅ ሲነሳ ስሰማ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር፣ እሁድ ከሄዳችሁ ለቲክቶክ አትሂዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ልጆች ከያዛችሁ አንድ ሰዓት ዝም ብለው መቀመጥ የሚችሉ ይሁኑ።

ሌሎች ሁለት፣ ባጭሩ

ኤንፊልድ፣ ኒው ሃምፕሸር፦ በ1841 ያለቀው ባለ ስድስት ፎቅ ትልቁ የድንጋይ ቤት ብቻውን መሄድ ያስመኛል፣ ሀይቅ ዳር ነው፣ ካንተርበሪን ካያችሁ በኋላ ጊዜ ከተረፋችሁ። ዋተርቭሌት ደሞ ኦልባኒ ኤርፖርት አጠገብ ነው፣ የአን ሊ መቃብር እዛ ነው ያለው፣ የ1848 የጸሎት ቤትም አለ፣ አውሮፕላን ለመሳፈር ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ሻንጣችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የአን ሊ መቃብር ላይ ያለችው ትንሽ ተራ ድንጋይ ናት፣ ከሌሎቹ የሚለያት ብዙ ነገር የለም፣ አን ሊም እንደዛ ነው የምትፈልገው መሰለኝ።

በአንድ እይታ

| | ሃንኮክ | ካንተርበሪ | ፕሌዛንት ሂል | ሳባዝዴይ ሌክ |
|---|---|---|---|---|
| የት | ማሳቹሴትስ | ኒው ሃምፕሸር | ኬንታኪ | ሜይን |
| የሚቀርበው ከተማ | ኦልባኒ | ኮንኮርድ፣ ቦስተን | ሌክሲንግተን | ፖርትላንድ |
| ዋናው ነገር | ክቡ በረት፣ እንስሳት | አስረጂዎቹ፣ ማጠቢያ ቤቱ | ማደር፣ ደረጃው፣ መዝሙሩ | በሕይወት ያለ ማህበር |
| የአስረጂ ጥራት (የኔ አስተያየት) | ጥሩ፣ ከጠየቃችሁ | ከሁሉም የሚበልጥ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ለትንንሽ ልጅ | ከሁሉም የሚሻል | ይከብዳል | ጥሩ | ይከብዳል |
| ለአዛውንት | መሄድ ይበዛል | ይመቻል፣ ግን ደረጃ አለ | ካደሩ ይመቻል | ይመቻል |
| ሁሉም በቦታው ያለ | የጸሎት ቤቱ ከሸርሊ የመጣ | አዎ | አዎ | አዎ |
| በክረምት | ባብዛኛው ዝግ | ባብዛኛው ዝግ | ይሠራል | ቱር የለም፣ የእሁዱ አምልኮ አለ |
| ወጪ | መካከለኛ | መካከለኛ | ካደሩ ከፍተኛ | ዝቅተኛ፣ እሁድ ነፃ |
| የሚበቃው ጊዜ | ሙሉ ቀን | ግማሽ ቀን | አንድ አዳር | ሁለት ሶስት ሰዓት |

እንግዲህ ለማን የቱ

ከአስር ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ አትጨነቁ፣ ሃንኮክ፣ በተለይ ሚያዝያ ላይ። የሳንድዊች ቦርሳ ያዙ፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት ድረሱ፣ በረቱን መጀመሪያ እዩ ምክንያቱም ከቀትር በኋላ ሰው ይሞላዋል።

ከአገር ቤት የመጣ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ ካንተርበሪ። እየተረጎማችሁ ለመስማት ጊዜ የሚሰጥ ቱር ነው፣ ቡድኑ ካልበዛ አስረጂው ይጠብቃችኋል። እኔ አስቀድሜ ደውዬ «አማርኛ ብቻ የምትሰማ እናት አለችኝ» ብዬ ነበር የሄድኩት፣ በጣም ነው የረዳኝ።

ባልና ሚስት ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ወይም ኬንታኪና ኦሃዮ አካባቢ ካላችሁ ፕሌዛንት ሂል፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። በጀት ከጠበበ ከቅዳሜ ይልቅ በሥራ ቀን ክፍል ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ለእምነቱ ስትሉ፣ ለጸሎቱ ስትሉ የምትሄዱ ከሆነ ሜይን። ከቤታችሁ ቅዳሴ ቀርታችሁ መሄድ ካልፈለጋችሁ ደሞ በሥራ ቀን ቱሩን ያዙና የሻይ ቅጠሉን ገዝታችሁ ተመለሱ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለነሱ ነው የሚገባው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁ ሰዎች፣ ሃንኮክ ከዲሲ ስድስት ሰዓት ያልፋል፣ ለብቻው ብላችሁ አትንዱ። ኦልባኒ ወይ ቦስተን ዘመድ ለመጠየቅ ስትመጡ አንድ ቀን ጨምሩበት።

ገንዘብ ለሚያሳስበው፣ የቀን ቲኬቱ ለአንድ አዋቂ ሬስቶራንት ምሳ የመብላት ያህል ነው፣ ህፃናት ብዙ ጊዜ በነፃ ወይ በቅናሽ ይገባሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሰፈራችሁን ላይብረሪ ጠይቁ፣ ኒው ኢንግላንድ ውስጥ ብዙ ላይብረሪዎች የሙዚየም ፓስ ያበድራሉ፣ እንደ መጽሐፍ ነው የምትዋሱት፣ ኢቢቲ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) ካርድ ላለው ሰው ቅናሽ የሚያደርጉ ሙዚየሞችም ጥቂት አይደሉም፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። እዛ ያለው ምግብ ቅቤና ክሬም የበዛበት የገጠር ምግብ ነው፣ ሰላጣ ብቻ ስትበሉ ትውላላችሁ። ጫማ ጠፍጣፋ ይሁን፣ መንገዱ ጠጠርና ሳር ነው፣ ለልጅ ጋሪም አይመችም። ኒው ኢንግላንድ ላይ ደሞ ረጅም ሳር ውስጥ ከገባችሁ ማታ የልጆቹን እግርና ብብት መዥገር ካለ ፈትሹ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታመጣው እሷ ናት።

ከመውጣታችሁ በፊት ደሞ የዛን ቀን ክፍት መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ። እኔ አንዴ ዌብሳይቱን ብቻ አምኜ ሁለት ሰዓት ነድቼ ዝግ በር ላይ ደርሼ አውቃለሁ፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ እያለቀሱ። የዛን ቀን በአጥሩ ላይ አሻግረን ያየነው አንድ ነጭ ቤት ብቻ ነው፣ ሁለት በር ያለው።